ምዕራፍ ስድስት፦ ደብተርና ትዝታ ሲጣሉ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ከአዲስ ዘመን ወርዶ ርብን ሲሻገር የፎገራ ሜዳ ይቀበለዋል፤ ወረታን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ደግሞ ጉማራን ይሻገራል። ሁለቱም ወንዞች ከጉና ተራራ ተነስተው ጣና ይገባሉ። በ1762 ዓ.ም. ግንቦት ላይ (እ.ኤ.አ. በ1770 መሆኑ ነው) ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ በዚሁ በጣና ምሥራቅ በኩል እነዚህን ወንዞች ተሻግሮ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለማየት ወረደ። ዘመኑ ራስ ሚካኤል ስሑልና ፋሲል የሚባሉ የጦር አለቆች የሚዋጉበት፣ መንገዱ ሁሉ ወታደር የሞላበት ነበር። ብሩስ ግን በዚያ ሁከት መካከል እንኳ የዕለት ማስታወሻውን አልተወም። የት እንዳደረ፣ ስንት ሰዓት እንደተጓዘ፣ ምን ወንዝ እንደተሻገረ ይጽፋል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ያ ደብተር ነው። ሰውየው ካረጀ በኋላ የገዛ ሕይወቱን ሊጽፍ ሲቀመጥ ደብተሩን ምን አደረገው? እኛስ የድሮ ደብተራችንን ከሣጥን አውጥተን ግለ ታሪክ ልንጽፍ ስንነሳ ምን እናድርገው?

ብሩስ አገሩ የገባው እ.ኤ.አ. በ1774 ነው። የተናገረውን ብዙ ሰው አላመነውም፤ ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰንን የመሰለ ስመ ጥር ጸሐፊ ሳይቀር ተጠራጠረው። ብሩስም አኩርፎ ርስቱ ላይ ተቀመጠ። ብዕር ያነሳው ባለቤቱ በ1785 ከሞተች በኋላ፣ ወዳጆቹ ጎትጉተውት ነው። አምስት ትልልቅ ቅጾች ያሉት መጽሐፉ በ1790 ሲወጣ ፎገራን ከተሻገረ 20 ዓመት ሞልቶት ነበር። ደብተሮቹ በዚያው ቤት፣ እጁ ሊደርስባቸው በሚችልበት ቦታ ነበሩ። ሰውየው ግን በአብዛኛው ከአፉ እየነገረ ያጽፍ ነበር። ከሞቱ በኋላ ወረቀቶቹን የመረመረው አሌክሳንደር መሪ የታዘበውም ይህንኑ ነው፤ ብሩስ በሚያስጽፍበት ጊዜ የገዛ ማስታወሻውን በቅጡ አላገላበጠም።

ስለ መሪ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። የእረኛ ልጅ ነው፤ ቋንቋ ከመጽሐፍ ብቻ እየለቀመ ግእዝ የተማረ፣ በ1811 ከትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ለእንግሊዝ ንጉሥ የተላከውን ደብዳቤ ኢትዮጵያን ሳያይ የተረጎመ ሰው ነው። የብሩስ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም በ1805 ሲወጣ አዘጋጁ እሱ ነበር። ለዚያ ሥራ ሣጥኖቹን ከፍቶ የታተመውን ከተጻፈው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠው። ያገኘው ነገር ለብሩስ ስም የሚመች አልነበረም።

ብሩስ ከጣልያን ይዞት የመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ሠዓሊ ነበረው፤ የቦሎኛ ሰው ነው። በታተመው መጽሐፍ ባሉጋኒ ወደ ዓባይ ምንጭ ወደ ግሽ ዓባይ የተደረገው ጉዞ ሳይጀመር የሞተ ይመስላል። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ምንጩ ዳር የሚቆመው፣ የደስታም የሐዘንም ስሜት የሚፈራረቅበት ብቸኛው አውሮፓዊ ብሩስ ነው። ወረቀቶቹ ግን ሌላ ይናገራሉ። ባሉጋኒ ወደ ግሽ አብሮ ሄዷል፤ የጉዞውንም ማስታወሻ በገዛ እጁ ይዟል። ጎንደር ላይ የሞተው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1771 ነው። ብሩስ እንደ ራሱ ሥራ አድርጎ ካቀረባቸው ሥዕሎች አብዛኞቹም የዚህ ሰው እጅ ናቸው። ሚሲዮናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ቀድሞት በ1618 በዚያው ምንጭ ዳር መቆሙን ለመካድ ብሩስ ስንት ገጽ እንደፈጀ የሚያውቅ አንባቢ፣ የባሉጋኒ ሞት ለምን ቀደም እንዲል እንደተፈለገ ለመገመት አይቸገርም። አንደኛ የደረሰ ሰው ምስክር አይወድም።

ወደ ስድቡ ቸኩለን ከሄድን ግን ግማሹን ነገር እናጣዋለን። ያው ያጋለጠው ደብተር ነጻ ያወጣውም ነው። «አልሄደም፣ ፈጠራ ነው» ያሉትን ዝም ያሰኘው የታተመው ትረካ አይደለም፤ ትረካው እንዲያውም በማማሩ ጥርጣሬ ያባባሰ ነበር። ዝም ያሰኘው ማንም ሊፈጥረው የማይችለው ደረቅ ቁጥር ነው። ብሩስ በኮከብ ልኬት ግሽ ዓባይን በሰሜን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ላይ አስቀምጦታል፤ ዛሬ በሳተላይት ሲለካ ከ10 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ በእግር ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ነው። ትዝታ እንዲህ ያለ ቁጥር አይሰጥም። አንድ ሣጥን ውስጥ የነበረ ወረቀት ባለቤቱን በአንድ ወገን ሐሰተኛ፣ በሌላ ወገን እውነተኛ አድርጎ መሰከረ። እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ የድሮ ደብተር ለግለ ታሪክ ጸሐፊ ትልቁ ጥቅሙ ከትዝታው ጋር የሚስማማበት ቦታ ሳይሆን የሚጣላበት ቦታ ነው። ስለዚህ ያንን ጠብ መሸምገልም፣ በአንዱ ወገን ፈርዶ ሌላውን ማፈንም ስሕተት ነው። ጠቡ ራሱ መጻፍ አለበት።

ብዙ ጸሐፊ ደብተሩን የሚያወጣው ለማስታወስ ነው፤ የተረሳ ስም ለመሙላት፣ ቀን ለማስተካከል። ይህ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ቀንን በተመለከተ ግድ ነው። ቪለም ዋገናር የተባለው የኔዘርላንድ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የገጠመውን እየመዘገበ ወደ 2,400 የሚሆኑ ክስተቶች አከማቸ። ከማን ጋር እንደነበረ፣ የት፣ ምን፣ መቼ ብሎ ለያይቶ ነው የጻፈው። ኋላ ራሱን ሲፈትን ከአራቱ ትዝታን ለመቀስቀስ እጅግ ደካማው «መቼ» ሆኖ ተገኘ። ቀኑ ብቻ ሲነገረው ነገሩ አይመጣለትም። ከዚህ የባሰው ግን ሰው የረሳውን አለማወቁ ሳይሆን ያላየውን በእርግጠኝነት ማስታወሱ ነው። የጠፈር መርከቢቱ ቻሌንጀር በ1986 በፈነዳች ማግስት ሌላው የሥነ ልቦና ምሁር ኡልሪክ ናይሰር ተማሪዎቹን ዜናውን የት ሆነው እንደሰሙ አስጻፈ፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ 44ቱን ደግሞ ጠየቀ። ሩብ ያህሉ በሁሉም ዋና ነጥብ ተሳስተዋል፤ ሲናገሩ ግን ቅንጣት አልተጠራጠሩም። የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ሲቀርብላቸው እንኳ የጠፋው ትዝታ ተመልሶ አልመጣም።

ባህላችን ነገሩን በቋንቋው አስቀምጦታል ማለት ይቻላል። «ማስታወሻ» ስንል ማታ ማታ የሚጻፈውን ደብተርም፣ በስተርጅና የሚጻፈውን መጽሐፍም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። የጎንደር ጸሐፊዎች የነገሥታቱን ሥራ የመዘገቡበት ዜና መዋዕል በቁሙ የቀኖች ወሬ ነው፤ «መዋዕል» እና «ውሎ» ከአንድ ግንድ የተቀጠፉ ናቸው። ትዝታ ግን ሌላ ነው፤ ዜማው ራሱ ያለፈን ነገር አሳምሮ የሚያስናፍቅ ነው። የመጽሐፎቻችን አርእስት ይህን ልዩነት ሳያውቅ አይቀርም። የደጃዝማች ከበደ ተሰማ መጽሐፍ «የታሪክ ማስታወሻ» ይባላል፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ»፤ የራስ እምሩ ደግሞ «ካየሁት ከማስታውሰው»፣ ማየትንና ማስታወስን ለይቶ የሚያስቀምጥ ጥንቁቅ አርእስት። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን የጻፉት በስደት፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀምጠው ነው፤ ቤተ መንግሥታቸውና መዝገቡ በጠላት እጅ ነበሩ። መንግሥቱ ለማ ደግሞ የአባቱን የአለቃ ለማን ትዝታ በቴፕ ቀድቶ መጽሐፍ አደረገው፤ እዚያ ያለው ደብተር ሳይሆን ቃል ነው። የእነዚህ ሁሉ ዋጋ አያጠራጥርም። አንባቢ ግን የትኛው ከወረቀት፣ የትኛው ከልብ እንደመጣ ሁልጊዜ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። የእኛ ግለ ታሪኮች ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ ውሸት መኖሩ ሳይሆን ምንጩ አለመለየቱ።

እስቲ ነገሩን ወደ ፎገራ ሜዳ እንመልሰው። ዛሬ ወረታ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ሩዝ ነው። ማሳው ሩዝ፣ ወፍጮ ቤቱ ሩዝ፣ እንጀራው ሳይቀር ከጤፍ ጋር የተቀላቀለ ሩዝ። አካባቢው ላይ የተለመደው ዝርያ ኤክስ ጅግና የሚለውን ስም ያገኘው ከዚያው ከጅግና ቀበሌ ነው። ይህ ሁሉ ግን የአንድ ጎልማሳ ዕድሜ የማይሞላ ነገር ነው። ሩዝ ፎገራ ላይ በሰፊው መዘራት የጀመረው በደርግ ዘመን፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሠሩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ርብና ጉማራ ክረምት ክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት ሜዳ በከብቱ የታወቀ ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። አሁን በ1950ዎቹ ፎገራ ላይ የተወለደ ሰው የልጅነቱን ታሪክ ይጽፋል እንበል። ሳያውቀው የልጅነቱን ማሳ ሩዝ ያለብሰዋል። ዋሽቶ አይደለም። በዓይኑ ላለፉት ዐርባ ዓመታት ያየው ሩዝ ነውና አረንጓዴው ወደ ኋላ ሰርጎ ይገባበታል። በ1963 ዓ.ም. በተማሪ ደብተር ጀርባ የተጻፈ «ዛሬ ጥጆቹን ከጓያው ስንከለክል ዋልን» የምትል አንዲት መስመር ብትገኝ ግን መላው ምዕራፍ ይታረማል። ከመታረምም አልፎ ጸሐፊው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል፤ ያደገበት አገር ከእግሩ ሥር መለወጡን፣ መለወጡንም ሳያስተውል መኖሩን። መጻፍ ያለበት ይኸው ነው። ጓያውን ተክቶ ሩዙን ዝም ብሎ ቢሰርዘው መረጃው ይስተካከላል፤ ታሪኩ ግን ያመልጠዋል።

ለዚህ አሳብ የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይመጣል። ግለ ታሪክ የፖሊስ መዝገብ አይደለም፤ አንባቢ የሚፈልገው ሰውየው ሕይወቱን እንዴት እንደሚያስታውሰው እንጂ ማክሰኞ ነው ረቡዕ ብሎ ሲቆጥር አይደለም ይላሉ። ደብተር ያሳደደ ትረካ ይደርቃል፤ ብሩስ ራሱ ደብተሩን ቀድቶ ቢያትም ኖሮ ማን ያነበው ነበር? ግማሹን እቀበላለሁ። ደብተር መገልበጥ መጻፍ አይደለም፤ «ሰኞ ተነሳን፣ ማክሰኞ ደረስን» እያለ 300 ገጽ የሚሄድ መጽሐፍ ለወዳጅ ዘመድም ይከብዳል። ነገር ግን ትዝታ እንደ ትዝታ ይከበር የሚለው ክርክር የሚሠራው ትዝታው ሌላውን ሰው እስካልነካ ድረስ ነው። ባሉጋኒ በብሩስ ትዝታ ውስጥ ከጊዜው ቀድሞ ሞተ። ይህን ስሜት ነው፣ ጥበብ ነው ብለን አናልፈውም። ደግሞም ትዝታ የሚሳሳተው እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ለባለቤቱ ያደላል። በጠቡ እኛ ታጋሽ ነበርን፣ በድሉ እኛ ፊተኛ ነበርን፣ በጥፋቱ ቀን እኛ በቦታው አልነበርንም። ደብተር ይህን ማድላት የሚይዘው ስለሚበልጥ አይደለም፤ በተጻፈበት ምሽት ነገሩ በምን እንደሚያልቅ ስላላወቀ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ደብተርስ መች ይታመናል? እውነት ነው፣ ደስ ያለው ሰው ከሰው ጋር ያመሻል እንጂ ደብተር አያነሳም። የሚጽፈው የተከፋው፣ ያኮረፈው፣ እንቅልፍ ያጣው ነው። ደብተሩን ብቻ ያነበበ ልጅ አባቱ ዕድሜ ልኩን ሲያዝን የኖረ ሊመስለው ይችላል። በዚህ ላይ ደብተር ይፈራል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሰው ታስበላ በነበረበት ጊዜ ብዙ ወጣት የጻፈውን አቃጥሏል፣ ቀብሯል፣ ወይም በምሕጻረ ቃልና በሐሰት ስም ጽፏል። ከዚያ ዘመን የተረፈ ደብተር ስለ አየር ጠባይና ስለ ትምህርት ብቻ የሚያወራ ከሆነ፣ ሰላም ነበር ማለት አይደለም። ለዚህ ተቃውሞ የምሰጠው መልስ ደብተሩን መጣል ሳይሆን ከጽሑፉ በተጨማሪ ዕቃውንም ማንበብ ነው። ሦስት ተከታታይ ቀን በአንድ ቀለም፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ያለ አንዳች ስርዝ ከተጻፈ፣ «ዛሬ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ቢኖርም ሦስቱም የተጻፉት በሦስተኛው ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ታሪክ አስቀድሞ ትዝታ ሆኗል። ገጹ በምላጭ ተቆርጦ ጥርሱ ስፌቱ ላይ ከቀረ፣ ያ የተቆረጠ ገጽ ከተጻፉት ይልቅ የሚናገር ይሆናል። አንድ ስም በድንገት ወደ አንድ ፊደል ካጠረ፣ ፍርሃት ወይም ፍቅር ገብቷል። ትዝታ ጠቃሚ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታውን የሚፈታው እሱ ብቻ ነውና። ምስክሮቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ጥያቄ ይገባቸዋል።

ቅደም ተከተሉም ልዩነት ያመጣል። ደብተሩን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ ትዝታው ምን እንደነበረ ሊያውቅ አይችልም፤ ያነበበው ከሚያስታውሰው ጋር ይቀላቀልበታል። ስለዚህ ምዕራፉን መጀመሪያ ከልብ መጻፍ፣ ከዚያ ሣጥኑን መክፈት፣ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የተለያዩበትን ማስመር ይሻላል። መሪ በብሩስ ላይ የሠራውን ሥራ ጸሐፊው በሕይወት ሳለ በራሱ ላይ ቢሠራው ማለቴ ነው።

ቀን ማመሳከር ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ጎበዝ ጸሐፊም ይወድቃል። ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነው። ዛሬ ባለን ማመሳከሪያ ብንመልሰው ጥቅምት 25 ይሆናል። ስሕተት ነው። በዚያ ክፍለ ዘመን የእኛ መስከረም 1 በእነሱ ሴፕቴምበር 9 ላይ ነበር የሚውለው፤ በ1800 እና በ1900 እነሱ የካቲታቸውን ስላላስረዘሙ ልዩነቱ ሁለት ቀን ጨምሮ ዛሬ 11 ላይ ደረሰ። ስለዚህ ቀኑ ጥቅምት 27 ቀን 1763፣ ዘመነ ሉቃስ፣ መድኃኔ ዓለም ነው። ዓድዋ በእነሱ ማርች 1 ቀን 1896 ሆኖ ሳለ የካቲት 23ን ዛሬ በማርች 2 የምናከብረው በዚሁ ምክንያት ነው። አያቱ በሚሲዮን ቤት ወይም በውጭ አገር ሰው ዘንድ ሠርተው በፈረንጅ ቀን የጻፉት ማስታወሻ በእጁ የገባ ሰው ይህን ካላወቀ የበዓሉን ዋዜማ ከማግስቱ ያምታታል። ፎገራ ላይ ደግሞ ሰው የሚቆጥረው በበዓል ነው፤ «በኅዳር ሚካኤል ማግስት» ያለ አርሶ አደር ከየትኛውም ማመሳከሪያ የጠራ ቀን ሰጥቷል።

«እኛ እኮ የቃል አገር ነን፤ ደብተር ያለው ስንቱ ነው?» የሚለው ሦስተኛ ተቃውሞ ብዙ አያስቸግርም። ማታ ማታ ልቡን የሚጽፍ ሰው ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። የእድር መዝገብ፣ የማኅበር ተረኛ ዝርዝር፣ የዱቤ ደብተር፣ በዳዊት ሽፋን ላይ የተጻፈ የልጅ ልደትና ክርስትና፣ ከሠራዊት ቤት የተላከ ደብዳቤ ግን በየቤቱ አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ ከእህልና ከከብት ጋር ስንት እንዲህ ያለ ወረቀት እንደሄደ ማን ቆጠረው? የዱቤ ደብተር ስለ ስሜት አይናገርም፤ ነገር ግን «በዚያ ዓመት ተርፎን ነበር» የሚል ትዝታ ፊት ለፊቱ ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ጨውና ላምባ በብድር የወሰደ ስም ሲቆም፣ ስለ ቤቱ ኩራት ሌላ ምዕራፍ ይከፈታል።

የሚቀረው ጥያቄ ለብቻው ምዕራፍ የሚሻ ነው፤ ደብተሩ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሰዎች። በ20 ዓመት ዕድሜ በንዴት የተጻፈ የጓደኛ ስም በ60 ዓመት ሲታተም፣ ጓደኛው ሞቶ ልጆቹ ያነቡታል። እኔ የራሴን ደንብ ልናገር፤ በራሳችን ላይ የሚመሰክረው ገጽ ሳይቀነስ ይውጣ፣ በሌላ ሰው ላይ የሚመሰክረው ግን ሌላ ማስረጃ እስኪያገኝ ይቆይ። ብሩስ ያደረገው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። ያም ሆኖ አንድ ነገር ልንነፍገው አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1772 መጨረሻ ከሰናር ወደ ግብፅ ሲያቋርጥ የኑብያ በረሃ ላይ ግመሎቹ አለቁበት፤ ደብተሩንም ዕቃውንም አሸዋው ላይ ጥሎ ነፍሱን ይዞ አስዋን ገባ። እዚያ ሲደርስ የሚያስጨንቀው ነገር አልነበረም፤ ሕይወቱ ተርፏል፤ ያየውን በቃሉ ሊናገር ይችላል። እሱ ግን ግመል ለምኖ ወደዚያው በረሃ ተመለሰና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣ።